ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የፒቱታሪ ሕመምና የማይቋረጠው ኪኒን

የዛሬው ርእሳችን ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። አንዲት እህት ስትወልድ ብዙ ደም ይፈስሳትና ከሞት ለጥቂት ትተርፋለች። አልሐምዱሊላህ ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ነገር ግን ጡቷ ወተት አይሰጥም፤ ሕፃኑ በጡጦ ያድጋል። ወራት አልፈው የወር አበባዋ አይመለስም። ይበርዳታል፣ ይደክማታል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራታል፣ የብብቷ ፀጉር ይረግፋል። ጎረቤት «ብርድ መትቷት ነው» ይላል፤ ሌላው «ዐይን ነው» ይላል። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ።

ሕመሙ ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን ነው። መነሻው ከአንጎላችን ሥር፣ ከአፍንጫችን በስተኋላ የተቀመጠች የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ናት። በእርግዝና ጊዜ ትገዝፋለች፤ የምትፈልገው ደምም ይጨምራል። በወሊድ ላይ ደም በብዛት ሲፈስ ግን የሚደርሳት ያንስና ከፊሏ ይሞታል። ለሌሎች ዕጢዎች ትእዛዝ የምትሰጠው እርሷ ስለሆነች፣ እርሷ ዝም ስትል የእንቅርት ዕጢ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችና የሴቷ የእንቁላል ዕጢዎች አብረው ይዳከማሉ።

የሞተው ክፍል አይመለስም፤ የጎደለውን ሆርሞን መተካት ግን ይቻላል። ሆርሞን ሲባል ብዙዎቻችን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ነው የሚታየን። ይህ ግን ሌላ ነው፤ አካላችን ራሱ ሊሠራው ይገባ የነበረውን መስጠት ነው።

ቀዳሚው ኮርቲዞል ነው። እርሱ ከጎደለ የደም ግፊትና የደም ስኳር ይወርዳል፤ ለሞትም ያደርሳል። ሀይድሮኮርቲዞን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም፣ ትልቁ ድርሻ ጠዋት፣ ቀሪው ከሰዓት ይወሰዳል። እርሱ በማይገኝበት ቦታ ሐኪም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ጠዋት ያዛል። «ኮርቲዞን ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል» የሚለው ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ለሌላ በሽታ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እውነት ነው። የዚህ መጠን ግን ጤነኛ አካል በየቀኑ ከሚያመርተው ጋር የተመጣጠነ ነው። «አሁንማ ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ነው የሚገድለው።

ሁለተኛው ሌቮታይሮክሲን ነው፤ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይዋጣል። ኮርቲዞል ሳይተካ እርሱን መጀመር ታማሚዋን ሊጥላት ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጠኑ ሲመረመርም ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው ምርመራ ፒቱታሪ ለታመመ ሰው ያሳስታል፤ መታየት ያለበት ፍሪ ቲ 4 ነው። ዕድሜዋ ገና ከሆነ ሐኪሙ የሴት ሆርሞኖችን ይጨምርላት ይሆናል።

ጤነኛ ሰው ሲታመም አካሉ ኮርቲዞልን በራሱ ይጨምራል፤ የእርሷ አይጨምርም። ስለዚህ ትኩሳት 38 ዲግሪ ሲያልፍ የሀይድሮኮርቲዞኑ መጠን እጥፍ፣ 39 ሲያልፍ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ሲወርድ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ካስመለሳት ኪኒኑ ሆዷ ውስጥ አይቆይምና 100 ሚሊ ግራም ሀይድሮኮርቲዞን በመርፌ ሳይዘገይ ያስፈልጋታል።

ረመዳን ብዙዎቹን ያስጨንቃል። የሀይድሮኮርቲዞን ኃይል የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት በመሆኑ የሱሑሩ ኪኒን እስከ መግሪብ አያደርስም። አንዳንዷን ሐኪሟ ቆየት ወደሚለው ፕሬድኒሶሎን በሱሑር ሰዓት ያዛውራታል፤ ከዚህ በፊት ተዝለፍልፋ የወደቀችውን ግን እንዳትጾም ይመክራታል። ይህ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር የሚወሰን እንጂ በራስ የሚሞከር አይደለም። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 185 ለታመመ ሰው ፈቃድ ተሰጥቷል፤ ቀዷእ ወይም ፊድያ የሚለውን ዑለማ ይጠየቅ። ጾማ ሳለ ካዞራት፣ ካስመለሳት ወይም ላብ ካጠመቃት አዛን አትጠብቅ፤ አፍጥራ መድኃኒቷን ትውሰድ፣ ወደ ጤና ተቋምም ትሂድ።

ባሎችና እናቶች ሆይ! መርፌው ቤት ውስጥ የት እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ? አወጋጉንስ ከነርስ ተምራችኋል? ቦርሳዋ ውስጥ የሕመሟንና የመድኃኒቷን ስም የያዘ ወረቀት ይኑር፤ ራሷን ስታ ድንገተኛ ክፍል ብትደርስ ስለ እርሷ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።