ትእዛዝና ስም በአንድ መስመር

ተርሚናል ላይ የሚሠራ ሰው «ኤልኤስ» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ጭረትና «ኤል»፣ ከዚያም የፎልደር ስም አስከትሎ ኢንተር ይጫናል። የፎልደሩ ይዘት ከነመጠኑና ከነቀኑ ወዲያው ይዘረዘራል። የመጀመሪያው ቃል የሚጠራውን ፕሮግራም፣ ባለ ጭረቱ የአሠራሩን ሁኔታ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሥራው የሚሠራበትን ነገር ይናገራል። ይህን የሚለየው በፕሮግራሙ መግቢያ ላይ የተቀመጠ አጭር ኮድ ነው፤ ባለሙያዎች የኮማንድ ላይን ፓርሰር ይሉታል። ስለ ሶፍትዌር ሲወራ ስሙ ብዙም አይነሳም። እኔ ግን አንድ ፕሮግራም ታስቦበት መሠራቱን ለማወቅ መጀመሪያ የማየው ይህን ክፍል ነው። የተጠቃሚው ትእዛዝና የተጠቃሚው ፋይል ስም በአንድ መስመር፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ተደባልቀው የሚገቡት እዚህ ነውና።

ፓርሰሩ የሚደርሰው ግን ተጠቃሚው እንደጻፈው ያለው መስመር አይደለም። በዩኒክስና በሊኑክስ መስመሩን ቀድሞ የሚያነበው ሼል የተባለው፣ ትእዛዞችን የሚቀበል ፕሮግራም ነው። ሼሉ ባዶ ቦታ ባገኘ ቁጥር ይቆርጣል፤ በትእምርተ ጥቅስ የታቀፈውን ሳይቆርጥ ያልፍና ጥቅሱን ራሱን አውልቆ ይጥላል። የኮከብ ምልክት ካጋጠመው ፎልደሩን አይቶ በኮከቡ ፋንታ የፋይሎቹን ስም ይደረድራል። ፕሮግራሙ ኮከብ መጻፉን እንኳ አያውቅም። ከዚህ በኋላ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል የተቆረጡትን ቃላት ዝርዝር ለአዲሱ ፕሮግራም ያስረክባል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በሁለት ስሞች ይረከበዋል፤ «አርግሲ» የቃላቱን ብዛት፣ «አርግቪ» ቃላቱን ይይዛሉ። ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ በዜሮኛው ቦታ የሚቀመጠው በልማድ የፕሮግራሙ የራሱ ስም ነው። ዊንዶውስ ከዚህ ይለያል። መስመሩን ሳይቆራርጥ እንዳለ ያስተላልፋል፤ መቆራረጡ የፕሮግራሙ ፈንታ ነው። በዚህ የተነሳ ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ትእምርተ ጥቅስ በተለያየ መንገድ ሊረዱት ይችላሉ።

ጭረት ለከርነሉ ምንም ትርጉም የለውም፤ እንደማንኛውም ፊደል ነው። «ጭረት ካለው ትእዛዝ ነው» የሚለው ስምምነት በፕሮግራመሮች መካከል ያደገ ልማድ ነው። ዩኒክስ በቤል ላብስ ከተጀመረበት ከ1969 እ.ኤ.አ. በኋላ ለዓመታት እያንዳንዱ ፕሮግራም መስመሩን በራሱ ኮድ ሲፈታ ኖሯል፤ ምልክቱ እስከ ዛሬ ይታያል። «ታር» ያለ ምንም ጭረት የተገጣጠሙ ፊደላትን እንደ ትእዛዝ ይቀበላል። «ዲዲ» ደግሞ የእኩልነት ምልክት ይፈልጋል። ኤቲኤንድቲ «ጌትኦፕት» የተባለውን የጋራ ፓርሰር ምንጭ ኮድ በ1985 ዳላስ ላይ በተካሄደው የዩኒፎረም ጉባኤ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ባለ አንድ ፊደል ትእዛዞች በአንድ ጭረት የሚጻፉበት ሥርዓት በፖዚክስ ደረጃ ተደነገገ፤ የግኑ ፕሮጀክት ሰዎች ደግሞ በሁለት ጭረት የሚጀምሩትን ሙሉ ቃላት አስፋፉ። ዛሬ ሁለት ጭረትና «ሄልፕ» ብሎ መመሪያ መጠየቅ የሚቻለው በዚህ የተነሳ ነው። ኤምኤስ-ዶስ ለትእዛዝ የመረጠው ወደ ፊት ያዘነበለውን መስመር ነበር። በ1983 በሁለተኛው እትም ፎልደር ሲመጣ ያ ምልክት ተይዞ ስለቆየ ለፎልደር የኋሊት ያዘነበለው ተወሰደ። ዛሬም የዊንዶውስ አድራሻዎች ወደ ኋላ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው።

የልማዱ አደጋ የሚጀምረው የፋይል ስምም በጭረት መጀመር ስለሚችል ነው። ስሙ ጭረት፣ «አር» እና «ኤፍ» የሆነ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል እንበል። አንድ ሰው ፋይሎቹን ብቻ ለማጥፋት ፈልጎ «አርኤም» እና ኮከብ ይጽፋል። ሼሉ ኮከቡን ወደ ስሞች ሲቀይር ያ ስም አብሮ ይሰለፋል። «አርኤም» እንደ ትእዛዝ ያነበውና ንዑስ ፎልደሮችን ከነይዘታቸው፣ ሳይጠይቅ ያጠፋል። የሚያስገርመው፣ ፋይሉ ራሱ ሳይነካ ይቀራል፤ እንደ ስም አልተቆጠረማ። መድኃኒቱ ለብቻቸው የሚጻፉ ሁለት ጭረቶች ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ስም እንጂ ትእዛዝ አይደለም ማለት ነው። ከኮከቡ በፊት ነጥብና ያዘነበለ መስመር ማስቀደምም ይሠራል፤ ያኔ የትኛውም ስም በጭረት አይጀምርም። ሌላ ሰው ፋይል በሚያስቀምጥበት ፎልደር ላይ የሚሠራ ስክሪፕት የሚጽፍ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ሊለምድ ይገባል።

ስለ ዜሮኛው ቦታ «በልማድ» ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። «ፒኬኤግዜክ» በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ የሚገኝ፣ ፈቃድ ላለው ሰው ትእዛዙን በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ፓርሰሩ ቆጠራውን ከአንድ ይጀምር ነበር፤ ዜሮኛው ቦታ በፕሮግራሙ ስም ተይዟል ብሎ። ነገር ግን ፕሮግራምን በባዶ ዝርዝር፣ አርግሲን ዜሮ አድርጎ ማስነሳት ይቻል ነበር። ያኔ አንደኛው ቦታ ከዝርዝሩ ውጭ ይሆናል። በማስታወሻው ላይ ከዝርዝሩ ቀጥሎ የተቀመጡት ደግሞ የአካባቢ ተለዋዋጮች ናቸው። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ተለዋዋጭ እንደ ትእዛዝ ያነብና ትእዛዙ ያለበትን ሙሉ አድራሻ ፈልጎ እዚያው መልሶ ይጽፍበት ነበር። በዚህ መንገድ ለደኅንነት ሲባል ተጠርገው የወጡ ተለዋዋጮችን መልሶ ማስገባት፣ ከዚያም ተራ ተጠቃሚ ሆኖ ገብቶ ሙሉ ሥልጣን መያዝ ይቻል ነበር። ስህተቱ ከግንቦት 2009 ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ኳሊስ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት በጥር 2022 ነው። የሊኑክስ ከርነልም ከ5.18 እትሙ ጀምሮ ባዶ ዝርዝር ሲቀርብለት አንድ ባዶ ቃል ያስገባበታል። ፓርሰር «ትንሽ ሥራ» ነው ለሚለኝ ሰው ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ለዚህም ነው ፓርሰርን በእጅ ከመጻፍ ላይብረሪ መጠቀም የሚሻለው። ፓይተን ውስጥ ያለው «አርግፓርስ» በስቲቨን ቤታርድ ተሠርቶ ከ2.7 እትም ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይመጣል። ፕሮግራመሩ ምን ምን ትእዛዝ እንዳለ፣ የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ግዴታ እንደሆነ ያስታውቃል። ላይብረሪው መስመሩን ይፈታል፣ ስህተቱን ይናገራል፣ የመመሪያ ገጹንም ከዚያው ማስታወቂያ ያወጣል፤ በዚህም መመሪያውና ኮዱ በቀላሉ አይለያዩም። ቢሆንም ወጥመድ አለው። የአንድን ትእዛዝ ዓይነት «ቡል»፣ ማለትም እውነት ወይም ሐሰት፣ ብሎ ያስታወቀ ሰው፣ ተጠቃሚው «ፎልስ» ብሎ ቢጽፍም «ትሩ» ይደርሰዋል። ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ በፓይተን እንደ እውነት ይቆጠራላ። የይለፍ ቃልን በአርጉመንት፣ ማለትም በመስመሩ ላይ እንደሚሰጥ ቃል፣ መቀበልም ልማድ ሊሆን አይገባም፤ በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች የአንዱን ፕሮግራም አርጉመንቶች ሌላው ተጠቃሚ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው «ፒኤስ» ማየት ይችላል።

ፋይሎቹን በአማርኛ የሚሰይም ሰው ከዚህ ሁሉ ጋር በደኅና ይኖራል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፉ፣ ከአስኪ ውጭ ያለ ፊደል ባይቶች ከጭረትም ከባዶ ቦታም ባይት ጋር እንዳይገጥሙ አድርገዋል። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ይፈጃል እንጂ መሐሉ ላይ ሼሉ የሚቆርጥበት ነገር አያገኝም። ሁለት ነጥብም ለሼሉ ባዶ ቦታ አይደለም፤ «ሰላም፡ለሁሉ» ያለ ትእምርተ ጥቅስ ቢጻፍም አንድ አርጉመንት ሆኖ ይገባል። የሚቸግረው ቁጥሩ ነው። አርግፓርስ ቁጥር እንዲቀበል የተነገረው ቦታ ላይ ፭ ቢጻፍ አይቀበልም፤ የዓረብኛውን ግን ይቀበላል። ዩኒኮድ የዓረብኛውን አሃዞች በአሥር ቤት እንደሚደረደሩ ሲመዘግብ፣ ዜሮ የሌለውንና በዚያ መልክ የማይደረደረውን የግዕዝ ቁጥር በሌላ ምድብ አስቀምጦታል። አርግፓርስ ግን በዓይነት ቦታ ማንኛውንም ፈንክሽን ይቀበላል። ፲፭ን ወደ 15፣ ፪፻ን ወደ 200 የሚለውጥ ፈንክሽን ጽፎ በ«ኢንት» ፋንታ መስጠት በቂ ነው፤ ተጠቃሚው ከተሳሳተም የስህተቱ መልእክት ከዚያው ፈንክሽን በአማርኛ ሊወጣ ይችላል።