ከኒኮቲን ጋር ቦታ የሚሻሙ መድኃኒቶች

ሲጋራ የለመደ ሰው በአንዴ ሲያቆም የሚነጫነጨው፣ እንቅልፍ የሚያጣው ወኔ ስላነሰው አይደለም። ባጨሰ ቁጥር ኒኮቲን በሴኮንዶች ውስጥ አንጎሉ ደርሶ ከነርቭ ሕዋሳቱ ተቀባዮች ጋር ይጣበቅና ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያደርጋል። ተቀባዮቹ ባዶ ሲቀሩ አምሮቱ ይነሳል። ማቆሚያ መድኃኒቶች የሚለያዩት ይህን አምሮት በሚያበርዱበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መላ ኒኮቲንን ያለ ጭስ መስጠት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊድን ውስጥ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ስለሚያገለግሉ፣ እዚያ ማጨስ ስለማይፈቀድላቸው ወታደሮች የሰማው ኬሚስቱ ኦቬ ፈርኖ የኒኮቲን ማስቲካ ሠራ። ይህ ማስቲካ እንደ ሌላው ዝም ብሎ አይታኘክም፤ ትንሽ ታኝኮ ምላስን ሲያቃጥል በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል። አለዚያ ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ተውጦ ሆድ ይረብሻል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ይለቃል። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይበልጣል።

ቡፕሮፒዮን ለድባቴ የተሠራ መድኃኒት ነበር። በ1997 አሜሪካ ለማጨስ ማቆሚያነት ፈቀደችው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን ሊወስደው አይገባም።

ቫረኒክሊን በ2006 መጣ። ተቀባዩን ይዞ በከፊል ብቻ ያነቃቃዋል፤ ስለዚህ አምሮቱ ይቀንሳል፣ ሰውየው ተሳስቶ ቢያጨስ እንኳ ኒኮቲኑ ቦታው ተይዞበት የቀድሞውን ደስታ አይሰጠውም። መነሻው ሳይቲሲን ነው፤ ቢጫ አበባ ካለው ላበርነም ከተባለ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ። ሳይቲሲንን ቡልጋሪያ ከ1964 ጀምሮ በክኒን ስትሸጠው ኖራለች፤ ምዕራባውያን ግን ለአሥርት ዓመታት ችላ ብለውት መቆየታቸው ያስቆጫል።

የትኛው ይሻላል? በ2016 የታተመው ኢግልስ የተባለ ጥናት በ16 አገሮች ከ8,000 በላይ አጫሾችን አወዳድሯል። የአእምሮ ሕመም ታሪክ ከሌላቸው መካከል ከ9ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ሲጋራ ሳይነኩ የቆዩት በቫረኒክሊን 25.5 በመቶ፣ በቡፕሮፒዮን 18.8፣ በሚለጠፈው ኒኮቲን 18.5፣ መድኃኒትነት በሌለው ክኒን 10.5 በመቶ ነበሩ። ቫረኒክሊን ከባድ የአእምሮ መታወክ ያመጣል የሚለው ስጋትም በጥናቱ አልተረጋገጠም፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 ያስለጠፈውን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ጥናቱ በታተመበት ዓመት አንስቷል። ማቅለሽለሽና ጉልህ ሕልም ግን የተለመዱ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 አራቱንም ከምክር አገልግሎት ጋር እንዲሰጡ መክሯል። ቫረኒክሊን አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንታት ሲወሰድ፣ የተለመደው የሳይቲሲን ሕክምና በ25 ቀናት ያበቃል፤ በብዙ አገሮች ዋጋውም ቀለል ያለ ነው።