ምዕራፍ 4፦ ስለ አራት ማዕዘን ላሜራ ንዝረት

ስለ ስስ ላሜራ ንዝረት ለሕዝብ የሚጽፉ ሁሉ፣ የተማማሉ ይመስል፣ ነገሩን በከበሮ ቆዳ መስለው ማለፋቸው ዘወትር ያናድደኛል፤ ቆዳው ወደ ቦታው የሚመለሰው ጠፍር ወጥሮ ስለ ያዘው ሲሆን፣ ላሜራው ግን ማንም ሳይወጥረው በገዛ ባሕርዩ ጽንዓት ይመለሳልና። በአንድ ውጥረት የወፈረ ቆዳ ድምፁ ይጎረንናል፤ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ላሜራ ግን፣ ክብደቱ እጥፍ መሆኑ ሳይከለክለው፣ ድግግሞሹም እጥፍ ይሆናል።

ይልቅስ ማኅሌቱን እንመልከት። ሊቃውንቱ ትይዩ ቆመው ሲያሸበሽቡ አንዱ ወገን ሲያጎነብስ ሌላው ቀና ይላል፤ በመካከላቸው ያለው ስፍራ ግን አይነቃነቅም፤ ላሜራውም እንዲሁ ነው፤ ጀርመናዊው ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1787 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በሰሌዳ ላይ የተነሰነሰ አሸዋ የሚከማቸው በዚህ ዝም ባለ መሥመር ላይ ነው። መሪጌታው ጽንዓት፣ ግድግዳው ጠርዝ ነው። በርዝመቱ የቆሙትን ወገኖች ቁጥር «መ»፣ በወርዱ ያሉትን «ነ» በላቸው፤ ጠርዙ ከስፍራው ሳይነሣ መዞር ብቻ የሚችል ከሆነ፣ «መ»ን ለርዝመቱ፣ «ነ»ን ለወርዱ አካፍለህ፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተህ ትደምራለህ፤ ድምሩን በፓይ ግማሽ፣ ከዚያም፣ ላሜራው ብረት ከሆነ፣ በውፍረቱና በ1,528 ታባዛለህ፤ የምታገኘው ድግግሞሹን በሄርዝ ነው፤ ልኩ ሁሉ በሜትር ነው።

40 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 1.2 ሚሊሜትር የሚወፍር ላሜራ በዚህ ስሌት የመጀመሪያ ድግግሞሹ፣ ማለትም «መ»ም «ነ»ም አንድ ሲሆኑ፣ 50 ሄርዝ ይሆናል። አንድ ጊዜ በዚሁ ልክ የተቆረጠ የጄኔሬተር ሽፋን ጆሮ እስኪበጣ ሲጮህ፣ መካኒኮቹ ብሎኑን ሲያጠብቁ ሲያላሉ ደረስኩ፤ በደቂቃ 1,500 ዙር የሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ዲዝል በሰከንድ 50 ጊዜ እንደሚተኩስ ያሰበ አልነበረም። 1.5 ሚሊሜትር ላሜራ አስገጠምኩ፤ ድግግሞሹ ወደ 62 ወጣና ጩኸቱ ቀረ።

የላሜራን ንዝረት እኩልታ የፈለገችውን ሶፊ ዠርሜንን፣ እኩልታውን ያቀናው ላግራንዥ ነው እያሉ የሚያቃልሉ አሉ። እርግጥ በ1811 ለፓሪሱ ውድድር ያቀረበችው ስሌት ስሕተት ነበረበት፤ ነገር ግን ሌላ ተወዳዳሪ ባልቀረበበት ጥያቄ ላይ ጸንታ በ1816 የፓሪሱን ሽልማት የወሰደችው እርሷ ናት፣ ስለዚህ ክርክሩን እኔ አልቀበለውም።

ጠርዙ መዞርም ከተከለከለ፣ እኩል ጎን ባለው ላሜራ ድግግሞሹ ከ1.8 ጊዜ በላይ ያድጋል። ጠርዙ ሁሉ ነፃ ሲሆን ግን፣ ምንም እንኳ ኪርኾፍ ትክክለኛውን የጠርዝ ሕግ በ1850 ቢያስቀምጥ፣ ቀላል ቀመር የለም፤ በ1909፣ በ31 ዓመቱ ባረፈበት ዓመት፣ ዋልተር ሪትዝ የታወቁ ቅርጾችን ደምሮ ኃይሉን ዝቅተኛ የሚያደርገውን ድብልቅ መፈለግን አስተማረ። በዚህ መንገድ የሚገኘው የመጀመሪያ ድግግሞሽ ከእውነተኛው በታች አይወርድም፤ ቅርጽ በተጨመረ ቁጥር ከላይ ወደ ታች እየወረደ ይጠጋዋል።