ከሕመም አልጋ እስከ ፍትሐት፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሕሙማን መንፈሳዊ እንክብካቤ

ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ታሪክ በዜማ ጉባኤያቸው የታወቁ ናቸው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሲሆኑ፣ ይህም ተማሪው የመምህርነት ምስክር የሚቀበልበት ወንበር ማለት ነው። በትውፊት ከቅዱስ ያሬድ ድርሰቶች አንዱ የሆነው መዋሥዕት በሙታን ፍትሐትና መታሰቢያ ጊዜ የሚዜም በመሆኑ፣ ለሟች የሚቆመው ዜማ ዋና ትምህርት ቤቱ በዚህ ምድር ይገኛል። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የተሟላ አገልግሎት ባለበት አገር፣ ነፍሱ ገና ላልወጣች በሽተኛ የሚደረገው እንክብካቤ እስካሁን ከተሰጠው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

መንፈሳዊ እንክብካቤ ሲባል ሕመምተኛው ከፈጣሪው፣ ከቤተ ሰቡና ከራሱ ሕሊና ጋር ያለውን ጉዳይ እንዲያስተካክል፣ ፍርሃቱንና ጸጸቱን የሚያካፍለው ሰው እንዲያገኝ የሚደረግ እርዳታ ነው። በክርስትና ታሪክ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሳርያ ለድኾችና ለሕሙማን ያቋቋመው ማረፊያ ሕክምናና ጸሎት በአንድ ቅጥር ውስጥ የተገናኙበት ነበር። በዘመናችንም አስቀድማ ነርስ፣ ኋላም ሐኪም የሆነችው ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት፣ የሟች ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም እንደሆነ በማስተማር ለማስታገሻ ሕክምና መሠረት ጥላለች።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሕመምተኛው መንፈሳዊ ጠባቂ የነፍስ አባት፣ ማለትም የቤተ ሰቡን ኑዛዜ የሚቀበል ካህን ነው። መስቀል ያሳልማል፣ ጸሎት ያደርሳል፣ ጸበል ይረጫል፤ አስታማሚዎችም፣ ብዙውን ጊዜ እናት፣ ሚስት ወይም ሴት ልጅ፣ እምነት የተባለውን የተቀደሰ አፈር ይቀቡታል፤ ጎረቤትም ለጥየቃ ይመላለሳል። ሕመሙ ሲጠና ወደ ጸበል ቦታ መውሰድ የተለመደ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ በተለይም መበለቶች፣ መጨረሻቸው መቅረቡን ሲያስቡ ቆብ ጭነው ይመነኩሳሉ፤ ይህም ሞትን በንቃት የመቀበል ሥርዓት ስለሆነ በማስታገሻ ሕክምና የሚሠራ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ከሰባቱ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ የሆነው ምስጢረ ቀንዲል ለሕሙማን የተሠራ ነው። መሠረቱ በሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ላይ የሚገኘው፣ የታመመ ሰው ካህናትን ጠርቶ እንዲያስጸልይና ዘይት እንዲቀባ የሚያዘው ቃል ሲሆን፣ ሥርዓቱም በመጽሐፈ ቀንዲል ተጽፏል። ነገር ግን ይህ ምስጢር በገጠር ከጸበል ጋር ሲነጻጸር እምብዛም አይፈጸምም። በአንጻሩ ግንዘቱ፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ሲሄድ ሰባት ጊዜ እያረፈ የሚደርሰው ጸሎት፣ ፍትሐቱና የ40ኛው ቀን ተዝካር በብዙ ድካምና ወጪ ይከናወናሉ። ታች ጋይንትና ስማዳን በመሰሉ፣ የምግብ እጥረት ደጋግሞ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች ይህ ወጪ ቀላል አይደለም። የሙታን ጸሎት ክብር የማይነካ ሆኖ፣ በሕይወት ላለው በሽተኛ የሚውለው ጊዜና ገንዘብ ማነሱ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ጉድለት ነው።

ከዚህም የሚከብደው ችግር ዝምታ ነው። ቤተ ሰብ ክፉ ዜናን ለሕመምተኛው ሳይሆን ለቅርብ ዘመድ እንዲነገር ይፈልጋል፤ የነፍስ አባትን በድንገት መጥራትም ለበሽተኛው የሞት ምልክት መስሎ ስለሚታይ ጥሪው ይዘገያል። ስለዚህ ሊናዘዝ፣ ይቅርታ ሊጠይቅና ስለ ንብረቱ ቃሉን ሊሰጥ የሚገባው ሰው አንደበቱ ከተያዘ በኋላ ካህኑ ይደርሳል። ቁርባንማ ከዚህም በላይ ጊዜ ይጠይቃል። ለሕመምተኛው ታስቦ የሚደረገው መደበቅ እርሱ ራሱ በእምነቱ እጅግ የሚፈልገውን ነገር የሚነፍገው በመሆኑ፣ ነርስ የሕመሙን ደረጃ ለቤተ ሰቡ ስታስረዳ ካህን በጊዜ እንዲጠራ ማሳሰቧ ከሥራዋ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም።

ወደ ሆስፒታል የሚደረገው ጉዞም የራሱ ፈተና አለው። የቻይና መንገድ የሚባለው የወረታ–ወልድያ አውራ ጎዳና በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ ቢያልፍም፣ ከመንገዱ የራቀ የቆላ ነዋሪ በሽተኛውን በቃሬዛ ይሸከማል። ተስፋ ሲቆረጥም ቤተ ሰቡ ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ መመለስን ይመርጣል፤ ምክንያቱም የነፍስ አባቱም፣ የሚቀበርበት ደብርም ያሉት በዚያው ነው። በዚህ ጊዜ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሳይዝ ከተመለሰ፣ መንፈሳዊው እንክብካቤ በሥጋ ሥቃይ ይዋጣል፤ በከባድ ሕመም የሚጨነቅ ሰው ጸሎት ማድመጥም፣ መናዘዝም ይቸግረዋልና። በአገራችን ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተነሡት መካከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይጠቀሳል።

ሃይማኖትና ሕክምና ተጋጭተው እንደማይቀሩ የሚያሳየው ግልጽ ምሳሌ የኤች አይ ቪ ታሪክ ነው። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የተሰበሰቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ እምነትን ማጉደል መስሏቸው በነበረበት ወቅት፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። የካህን ቃል ሐኪም ብቻውን ሊደርስበት ያልቻለውን ልብ መክፈቱ ለስኳር፣ ለካንሰርና ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

የሥልጠናው ጉዳይ ግን ገና ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማ፣ ቅኔ፣ ቅዳሴና ትርጓሜ እንደየወንበሩ ሲሰጡ፣ በሽተኛን የማጽናናት ጥበብ ከታላቅ ካህን ጋር በመመላለስ የሚለመድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የነፍስ አባቱ በአንድ ቀበሌ የአንዱን በሽተኛ ደጃፍ በየፊናቸው ይረግጣሉ፤ እርሷ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ እርሱ የሰውየውን ጭንቀት ያውቃል። የነፍስ አባቱ የኑዛዜን ምስጢር ሳይገልጥ፣ እርሷም የሕመምተኛውን ፈቃድ ጠይቃ፣ መቼ መጠራራት እንዳለባቸው አስቀድመው ሊስማሙ ይችላሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንጻ ሳይሆን በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና በወረዳ ቤተ ክህነት መካከል የሚደረግ ውል ነው።