ስንት ወለደች ሳይሆን ስንት አሳደገች፦ የሥጋ ፍየል ዝርያዎችን በእናትነታቸው ማወዳደር

ከኢምባካሲ፣ ከጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የፍየል ሥጋ በአየር ይጫናል። ከዚያው ብዙም በማይርቀው በኪያማይኮ ደግሞ ለናይሮቢ ነዋሪ የሚሆን ፍየል በየቀኑ ይታረዳል። የላኪው ገዢ የሚፈልገው በአብዛኛው ዕድሜው ያልገፋ ወንድ ነው። ስለዚህ በገበያው ብዙ የሚወራው ስለ ወንዱ ክብደትና ዋጋ ነው። ያን ወንድ ወልዳ ያሳደገችው እናት ግን እምብዛም አትነሳም።

አሁን የእናት ፍየል ጉዳይ የነጋዴውም ጉዳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ብዙ መንጋ አለቀ። የተረፈው አርብቶ አደር መንጋውን መልሶ ለማቋቋም ሴት ፍየል ይፈልጋል። ለእርባታ የሚሆን ሴት ፍየል የሚያቀርብ ነጋዴ የሚሸጠው የቀጣዮቹን ዓመታት ግልገሎች ጭምር ነው። የመረጣት ፍየል መካን ወይም የምትጨነግፍ ሆና ከተገኘች ደንበኛው ተመልሶ አይመጣም።

መለኪያው ምንድን ነው?

ዝርያዎች ሲወዳደሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መንታ ትወልዳለች ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ያሳስታል። ሙሉው መለኪያ አራት ነገር አለው፦ ከአውራ ጋር ከተቀላቀሉት ሴቶች ስንቱ ወለዱ፣ በአንድ ወሊድ ስንት ግልገል ተገኘ፣ ከተወለዱት ስንቱ ጡት እስኪጥሉ ቆዩ፣ ጡት ሲጥሉስ ስንት ኪሎ ሆኑ።

ለስሌት ያህል ሁለት መንጋ እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በመጀመሪያው ከ100 ሴቶች 80ዎቹ ወለዱ፤ በአማካይ 1.8 ግልገል ስለወለዱ 144 ግልገል ተገኘ። ከመቶ 40 እጁ ሞተ፤ 86 ቀሩ። በሁለተኛው 90ዎቹ ወለዱ፤ በአማካይ 1.3 ግልገል ብቻ ስለሆነ የተገኘው 117 ነው። የሞተው ከመቶ 15 እጁ ስለሆነ 99 ቀሩ። በወሊድ ቀን የመጀመሪያው መንጋ ባለቤት ሀብታም ይመስላል። ጡት በሚጥሉበት ቀን ግን ሁለተኛው በልጦታል። መንታ ያጣችው እናት አልጎዳችውም፤ የመጀመሪያውን የጎዳው የግልገሎቹ ሞት ነው።

ቦር፦ ገዝፎ የሚታይ ዝርያ

በዓለም ላይ ለሥጋ ተብለው ከሚረቡ ፍየሎች በጣም የታወቀው ቦር ነው። ዝርያው በደቡብ አፍሪካ በምርጫ የዳበረ ሲሆን የአርቢዎቹ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በጥሩ መኖ የተያዘች የቦር እናት ከ80 ኪሎ በላይ ትሆናለች፤ መንታ መውለድም የተለመደ ነው። ግልገሎቿ ፈጥነው ሥጋ ይይዛሉ።

ችግሩ የሚመጣው መኖው ሲቀንስ ወይም አካባቢው ሲለወጥ ነው። በአሜሪካ የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቦር፣ ከኒውዚላንድ የመጣውን የኪኮና በዚያው አገር ለረጅም ዘመን የኖረውን የስፓኒሽ ፍየል እናቶች በአንድ ግጦሽ ላይ ለዓመታት አወዳድረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። ቦታው እርጥበትና ሙቀት የበዛበት ነው። በዚያ የቦር እናቶች ያሳደጉት ግልገል ከሁለቱ ዝርያዎች ያነሰ ነበር። ሰኮናቸው ይበልጥ ይታመም ነበር፣ የሆድ ትላትልም ይበልጥ ያጠቃቸው ነበር። በመንጋው ውስጥ የቆዩበት ዕድሜም አጭር ነበር። ግዙፍ አካል ብቻውን ጥሩ እናት እንደማያደርግ ይህ በግልጽ ያሳያል።

ኢትዮጵያም የራሷ ልምድ አላት። በአሜሪካ ድጋፍ በተካሄደው የበግና የፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት የቦር ፍየሎች ከደቡብ አፍሪካ ገብተው በምርምር ማዕከላትና በዩኒቨርሲቲዎች ተሠራጩ። በአማራ ክልል የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ከማዕከላዊ ደጋ ፍየል ጋር አዳቅሏቸዋል። ድቅሎቹ ከአገሬው ይልቅ ክብደት ቢይዙም የግልገሎች ሞት ዋነኛ ፈተና ሆኗል። ከዚህ የምንወስደው ቦር መጥፎ ነው የሚል አይደለም። መኖ፣ ጥላ፣ ክትባትና የትል መድኃኒት ላለው አርቢ ድቅሉ ያዋጣል። እናቷ የአገሬው ዝርያ፣ አባቱ ቦር ሆኖ ግልገሎቹ ሁሉ ለእርድ ሲሸጡ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል።

የቦረና ፍየል፦ በድርቅ የተፈተነች እናት

በኢትዮጵያ የፍየል ዓይነቶች አመዳደብ ረጅም ጆሮ የሶማሌ ፍየል በሚባለው ስር የምትመደበው፣ በድንበሩ በሁለቱም በኩል የምትገኘው ነጯ ረጅም እግር የቦረና ፍየል ናት። እናቷ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ኪሎ ትመዝናለች። የምትወልደው በአብዛኛው አንድ ነው። በዚህ ብቻ ከተለካች ከቦር ታንሳለች።

ሆኖም ሁለት ነገር አላት። አንደኛ፣ ሩቅ ተጉዛ ቁጥቋጦ እየቀነጠበች፣ ውኃ ዘግይቶባትም አንዱን ግልገሏን ታጠባለች። ሁለተኛ፣ ጥርሷ ቶሎ ስለማያልቅ እስከ 10 ዓመት ድረስ ልትወልድ ትችላለች። ዕድሜ ልኳን ያሳደገችው ሲደመር ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ፍየል የምትበላው እንደ ክብደቷ ነው፤ አንዲት የ80 ኪሎ እናት የምትፈጀው መኖ ከአንዲት የቦረና እናት ድርሻ በብዙ ይበልጣል። ግጦሽ በጠበበበት አገር ውድድሩ በአንድ እናት ሳይሆን በአንድ ቦታ ላይ በሚያድገው ግልገል ነው።

ትንንሾቹ መንታ ወላዶች

የአርሲ-ባሌ ፍየል አካሏ ከቦረናዋ ያንሳል፤ መንታ በመውለድ ግን ትታወቃለች። ጥቂት ፍየል በደጅ በሚያዝበት፣ ከማሳና ከጓሮ ተረፍ በሚገኝበት ቤት ሁለቱንም ታሳድጋለች። ወደ ደረቅ ቆላ ብትወሰድ ግን ያንኑ ትሠራለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ አንድ ጡት ሙሉ ወተት ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ይከሳሉ። በኬንያ መንደሮች የምትረባው ትንሿ የምሥራቅ አፍሪካ ፍየልም ከ25 እስከ 30 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ በሽታና ረሃብ የምትችል ናት። ግልገሎቿ ግን ለገበያ እስኪደርሱ ጊዜ ይወስዳሉ።

ጊዜው ከዝርያው እኩል ነው

ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው። በቦረና አቆጣጠር በሐጋያ ዝናብ፣ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ያረገዘች በጋና መግቢያ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ትወልዳለች። ቅጠሉ ስለሚለመልም ወተቷ ይበረክታል። በጋና መጨረሻ ያረገዘች ደግሞ በሐጋያ መግቢያ ትወልዳለች። በቦና ድርቅ መሐል የምትወልድ ግን ዝርያዋ የፈለገው ቢሆን ግልገሏን ለማጣት ትቀርባለች። ግልገል በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠባ በሽታ የመከላከል አቅም አያገኝም። የከሳች እናት እንገሯ ትንሽ ነው።

ለእርባታ ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

- የሰባችን ሴት ይጠርጥሩ። በድርቅ ወቅት መንጋው ሁሉ ከስቶ አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ ሰብታ ጡቷም ደርቆ ከተገኘ፣ ምናልባት ዘንድሮ ምንም ስላላሳደገች ይሆናል። ለእርድ ጥሩ ናት፤ ለእርባታ ግን ይጠይቁ። በመጠኑ የከሳች፣ ጡቷ የተጠባ እናት ከእርሷ ልትሻል ትችላለች።
- ጥርሷን ይዩ። አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ቋሚ ጥርስ ያላት ብዙ ወሊድ ይቀራታል። የተሰበረ ወይም የላላ ጥርስ ያላት መኖ በቅጡ መቀንጠብ አትችልም።
- ጡቷን በእጅ ይዳስሱ። በአንድ በኩል የደደረ ጡት የድሮ የጡት በሽታ ምልክት ነው። በተለይ በቦርና በድቅሎቹ ላይ የተደራረቡ ወይም የተጣበቁ የጡት ጫፎች ይገኛሉ፤ እንዲህ ያለውን ግልገሉ ለመጥባት ይቸገራል።
- ባለቤቱን ይጠይቁ። ስንት ጊዜ ወለደች? ስንቱ በሕይወት አለ? ጨንግፋ ታውቃለች? ለምን ትሸጣለህ? አርብቶ አደር የምትጨነግፈውን አስቀድሞ ያወጣል፤ መልሱ ሲዘገይ ትርጉም አለው።
- የጨነገፈችን ከሌሎች ጋር አያቀላቅሉ። ብሩሴሎሲስ መንጋን ያስወርዳል፣ ሰውንም ይይዛል። የወረደውን ግልገልና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ጥሬ ወተትም አይጠጡ።
- እርግዝናዋ የገፋውን አይጫኑ። ከሞያሌ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመጨረሻው ወር ተኩል ላይ ያለች ፍየል በመኪና ላይ መጨናነቅ፣ ጥማትና ድንጋጤ ሊያስወርዳት ይችላል። ከወለደችና ግልገሏ ከጠነከረ በኋላ መግዛቱ ይሻላል።
- የክትባት ማስረጃ ይያዙ። የፍየል ሳንባ በሽታና ደስታ መሰል በሽታ ግልገልንም እናትንም ይጨርሳሉ። ከየመንጋው የተሰባሰቡ ፍየሎች በአንድ መኪና ሲጫኑ በሽታው አብሮ ይጓዛል።

የትኛው ዝርያ ለማን?

ግጦሽ ሰፊ፣ ውኃ ሩቅ፣ ሐኪም የማይደርስበት አርብቶ አደር ሴት ፍየል ሲጠይቅዎ የቦረናዋን ያቅርቡ። መኖ ገዝቶ፣ በረት ሠርቶ ለከተማ ገበያ የሚያደልብ ሰው የቦር አውራ ከአገሬው እናት ጋር ቢያዳቅል ያተርፋል። በደጁ አራት አምስት ፍየል ለሚይዝ የደጋ ቤተሰብ መንታ ወላዷ ትበጃለች። ለሦስቱም የሚጠቅመው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ስንት ወለደች ሳይሆን ስንት አሳደገች።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልብ ይባል። ዋጋ በወጣ ቁጥር ገና የምትወልድ እናት ለእርድ ትጫናለች። የዛሬው ሽያጭ ያተርፋል፤ ከዓመት በኋላ ግን ከእርሷ ይወለድ የነበረው ወንድ ከሞያሌ አይመጣም። የምትወልደውን ለይቶ ለእርባታ የሚሸጥ ነጋዴ የነገ ጭነቱን ራሱ ያዘጋጃል።