የቦታ ዋጋና የውል ዘመን

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ በኩል፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለሩሲያ መልእክተኞች የሰጡት ሰፊ ቦታ እስከ ዛሬ የየመንግሥታቱ ኤምባሲ ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን ለመልእክተኛ የሚሰጥ ቦታ ሌላ፣ ለጦር ሠራዊት የሚከራይ ቦታም ሌላ ነው።

በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአስመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያ አሜሪካ ለ25 ዓመት እንድትገለገልበት ፈቀደች፤ በዚያው ቀን የጦር መሣሪያ ርዳታ ውል ተፈረመ። ዳሩ ግን ሳተላይት የጣቢያውን ሥራ እየተካ በሄደ ጊዜ የቦታው ዋጋ ወረደ፤ በ1969 ዓ.ም. ሲዘጋም ለመደራደሪያ የሚሆን ብዙ ነገር አልቀረም ነበር።

ዛሬ ደግሞ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ኢጣሊያና ቻይና በጅቡቲ የጦር ሠፈር አላቸው። አሜሪካ በ2006 ዓ.ም. ባደሰችው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ያህል ልትከፍል ተስማማች። በቻይና ብድር የተሠራው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የተመረቀበት፣ የቻይናም ጦር ሠፈር የተከፈተበት ዘመን አንድ ነው፤ ይኸውም 2009 ዓ.ም. ነው። አብዛኛው ንግዳችን በዚያ በር የሚያልፍ ስለ ሆነ ነገሩ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ውል የሚመረምር ሹም ኪራዩ ስንት ነው ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ ተከራዩ በሄደ ቀን ለአገር ምን ይቀራል ብሎም ይጠይቅ። የባዕድ ፍላጎት ያልፋል፤ መንገድ፣ ወደብና የተማረ ሰው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።