የጎመኑ ምንቸት አይውጣ
ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ደጋ የጓሮ አትክልት ምክር

በመስከረም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ ክረምቱ ይሸኛል። አባባሉ ምክንያት አለው። በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ቤተሰቡን ያሻገረው ጎመን ስለሆነ፣ እሸት ሲደርስ ከችግሩ ጋር አብሮ እንዲሄድ ይፈለጋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመክረው ሁለቱም ምንቸቶች በቤት እንዲኖሩ ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ሆድ ይሞላሉ፤ ለዓይን፣ ለደምና ለሕፃናት ዕድገት የሚያስፈልገውን ሁሉ ግን ብቻቸውን አይሰጡም።

ችግሩ የሚከፋው መቼ ነው?

በጎዛምን፣ በማቻከልና በስናን ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ጓሮው ይደርቃል። ሁዳዴ የሚገባው በዚህ ደረቅ ወራት ሲሆን፣ ለ55 ቀን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከገበታ ይርቃሉ። ትንንሽ ልጆች ባይጾሙም፣ በብዙ ቤት የሚሠራው ወጥ የጾም ብቻ በመሆኑ የሚደርሳቸው ያው ሽሮ ነው። በዚህ ጊዜ ቅጠላ ቅጠልና ካሮት ከሌለ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊያስከትል ይችላል። አንዱ ቀዳሚ ምልክት ዳፍንት ነው፤ ልጁ ሲመሽ ይደናቀፋል፣ ዕቃ በዳበሳ ይፈልጋል። ይህን ያየ ወላጅ ልጁን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይኖርበታል። ቸል ከተባለ ዓይን እስከ መጥፋት ያደርሳል።

ስለዚህ የጓሮ አትክልት ዕቅድ መጀመር ያለበት «ለሁዳዴ ምን ይደርስልናል?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

ቦታና መደብ

ቦታው ለቤት የቀረበ፣ ፀሐይ የሚያገኝና ከዶሮና ከከብት የታጠረ ይሁን። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ ለጀማሪ ይበቃል። ወርዱ ከዚህ ካልበለጠ ሳይረገጥ ከሁለቱም ወገን ለማረምና ለመልቀም ይመቻል። ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር መደቡ ከፍ ብሎ ዙሪያው ቦይ ይውጣለት። በበጋ ግን ውሃው እንዳይፈስ መደቡ ዝቅ ተደርጎ ጠርዙ ከፍ ይበል።

አፈሩን ማዳበር

የአካባቢያችን ቀይ አፈር በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ሥር በደንብ አይሰድም፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ የሚገባውን ያህል አይጠቀምበትም። ለሰፊ ማሳ መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለጓሮ መደብ ግን የምድጃ አመድ ይረዳል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ወይም ሁለት እፍኝ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ነው። አመድ ለድንች መደብ አይመከርም፤ እከክ የተባለውን የድንች በሽታ ሊያባብስ ይችላል። ፍጉን ሁሉ ኩበት አድርጎ ከማንደድ ጥቂቱን ከቅጠልና ከገለባ ጋር አብስብሶ ለጓሮ ማዋል ይገባል። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ምን እንዝራ? መቼ?

ለሁዳዴ እንዲደርስ ካሮትና ቀይ ሥር በጥቅምት ይዘሩ። ካሮት ተነቅሎ መተከል አይወድም፤ እዚያው መደቡ ላይ ተዘርቶ መሳሳት አለበት። ጎመንና ቆስጣም በጥቅምት በችግኝ መደብ ይዘሩና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይዛወሩ። እነዚህ አራቱ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ይችላሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች ግን ውርጭ ይመታቸዋል።

ጎመንና ቆስጣ በሥራቸው አይነቀሉም፤ የታች ቅጠላቸው እየተለቀመ ለብዙ ሳምንታት ያበላሉ። ከሐበሻ ጎመን ውስጥ ዘግይተው የሚያብቡትን ሁለት ሦስት ጠንካራ ተክሎች ለዘር ማስቀረት ጥሩ ነው። የተረፈው ጎመን ዘር ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ደረቁ ወራት ሲገባ ክሽክሽ ቅጠሉን ይወራል፤ ገና ጥቂት ሳለ ቀላል የሳሙና ውሃ ረጭቶ፣ ኋላ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

ውሃ

በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን ወደ 4 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ 5 ካሬ ሜትር መደብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣል ማለት ነው። ይህ ከምንጭ በጀርባ ለሚቀዳ ውሃ ቀላል ሸክም አይደለም። ሸክሙ ደግሞ በእናቶችና በልጃገረዶች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በበጋ ከአንድ መደብ በላይ አይያዝ እንላለን። እህልና አትክልት የታጠበበት፣ ዕቃ ያለ ሳሙና የተለቀለቀበት ውሃ አይደፋ። በማለዳ ወይም በምሽት ማጠጣት፣ መደቡንም በገለባ ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል።

ፍራፍሬ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ማንጎና ሙዝ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርደው ቆላ እንጂ ለዚህ ብርድ አይሆኑም። ለደጋው የሚስማሙት ኮክ፣ ፕሪምና ፖም ናቸው። ፖም ለብቻው ሲተከል ብዙ ጊዜ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ዝርያዎች ብዙ ብርድ ስለማይፈልጉና አንዱ ለሌላው ስለሚያዳቅል ሁለቱን አቀራርቦ መትከል ይገባል። ችግኙም በድቅያ የተዘጋጀ ይሁን። «እንግዳ ተክል ነው» ብሎ መሸሽ አያስፈልግም፤ ድንችም ቢሆን ወደ አገራችን የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በጀርመናዊው ሺምፐር አማካይነት ነው ይባላል። ዛሬ ያለ ድንች የሚኖር ደጋ የለም።

አሠራሩ

ጎመን ከተከተፈ በኋላ ሳይሆን ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፤ ብዙም አይንተክተክ። በካሮትና በጎመን ያለው ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በሚገባ ከሰውነት አይዋሐድም። በጾም የኑግ ዘይት፣ በፍስክ ቅቤ ጠብ ይደረግበት። ሎሚ ቢጨመቅበት በውስጡ ያለው ብረት ለደም ይበልጥ ይጠቅማል። ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚያሰናክሉ ከምግቡ ራቅ ብለው ይጠጡ።

አንድ መደብ ጎተራ አይሞላም። ቤተሰብን ከእህል ችግር ያወጣል ብለንም ተስፋ አንሰጥም። ነገር ግን ገንዘብ ተቆጥሮ የሚገዛውን ወጥ ማባያ ከደጅ ያስገኛል፣ የልጆችንም ዓይን ይጠብቃል። «ጎመን በጤና» የሚለውን አባባል በጥቅምት በአንድ መደብ እንጀምረው። የዘርና የችግኝ ጥያቄ ያላችሁ በቀበሌያችሁ ያለውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አነጋግሩ።